ስኳር ያልነካው ዳንቴል

የሺሀረግ በየጠዋቱ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ የገዛ ቤቷን እንደ ፈታሽ ትፈትሻለች። በሩን ከውስጥ ትቀረቅርና መጀመሪያ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ ትቆማለች፤ ቀጥሎ አንድ እርምጃ ገባ ብላ ትንበረከካለች፤ ከዚያ ጉንጯ የሲሚንቶውን ቅዝቃዜ እስኪነካ ትጎነበስና የእናቷን አልጋ ከግርጌ እስከ ራስጌ በዐይኗ ትከተለዋለች። ከፍራሹ ጫፍ እስከ ወለሉ የሚወርደው ነጭ ዳንቴል አንድ ቦታ እንኳ ከፍ ብሎ እንደሆነ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ታች ትስበዋለች።

«ይታያል?» ይላል ከአልጋው ሥር የሚመጣ ድምፅ።

«አይታይም።»

እህትና ወንድም በቀን የሚነጋገሩት ይህንኑ ነው። እናታቸው እማማ ወርቅአፈራሁ አልጋው ላይ ያበጡ እግሮቻቸውን ዘርግተው፣ ይስሙ አይስሙ ሳይታወቅ፣ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ወንድሟ ደጉ ወጣት የሚለቅመውን አፈሳ ሸሽቶ እዚያ ከገባ አምስት ወሩ ነው። ለልደታ ሰፈር ሰው ግን ጅማ አጎቱ ዘንድ ከሄደ አምስት ወሩ ነው፤ እንዲያውም የቧንቧ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች «ምነው ከቡና አገር አንድ ጣሳ እንኳ ቢልክላችሁ፣ ይሄ ቆንቋና» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቁ ከየት እንደሚመጣላት አታውቅም፤ ጥርሷ ይገለጣል፣ ድምፅ ይወጣል፣ ባልዲዋን ታነሣና ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ባልዲው በእጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አይንቀጠቀጥም። መንቀጥቀጡ መቼ እንደተዋትም አላስተዋለችም።

ዳንቴሉን የሠራችው ራሷ ናት። ሰፈሩ ሁሉ እጇን ያውቀዋል፤ ጫፏ እንደ መንጠቆ በታጠፈች አንዲት ኪሮሽ የሬዲዮ ልብስ፣ የወንበር ራስ፣ የትሪ ልብስ፣ የሙሽራ አልጋ ልብስ እየሠራች እናቷንና ወንድሟን ያስተዳደረች ሴት ናት። የዚህኛውን ንድፍ ግን ከማንም አልቀዳችውም። አንሶላ ብታንጠለጥል የሚፈትሽ ሰው ከሁሉ በፊት አንሶላውን ያነሣል። ዳንቴል ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ከኋላው ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም። ስለዚህ ላዩን፣ ፍራሹ ጥላ የሚጥልበትን፣ ክፍትፍት ያለ ፍርግርግ አደረገችው። ከዚያ በታች በአንዲት ቀዳዳ ሰባት ጊዜ እየተመላለሰች የምታወጣቸውን ዛጎሎች፣ አንዱን በሌላው ትከሻ ላይ እየደረበች፣ እስከ ወለሉ ደረደረቻቸው። ጠርዙ ግማሽ ጨረቃ በግማሽ ጨረቃ እየጎበጠ ያልቃል። አልጋው ጥግ ላይ ስለሆነ የሚታየው አንድ ጎኑና ግርጌው ነው፤ ዳንቴሉም እንደዚያው ሁለት ቁራጭ ሆኖ፣ የጎኑ ረጅሙና የግርጌው አጭሩ ማዕዘኑ ላይ በክር ተጋጥመዋል። ሁለት ወር ፈጅቶባታል።

የቀረው ነገር ስኳር ነበር። የልደታ ሴት ዳንቴል ስትጨርስ በስኳር ውሃ ትነክረዋለች፣ ዘርግታ ታደርቀዋለች፣ በካውያ ትጫነዋለች፤ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያልቆመ ዳንቴል የሚሰቅል የለም። የሺሀረግ ይህኛውን እንደተኛ ተወችው። ጎረቤቶቿ አይተው «አዬ የሺ፣ አንቺም ስኳር አጣሽ?» ሲሏት «የት ተገኝቶ» ትላቸዋለች። ቀበሌው ለአንድ ቤት በወር የሚያድለው በሻይ ማንኪያ ተለክቶ የሚያልቅ ስለሆነ ሁሉም አመኗት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጓድ ጠጅቱ በሩን አንኳኳች። ጠጅቱ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ በቀሚሷ ላይ ካኪ ጃኬት የምትደርብ፣ ስትመጣ ልጆች ከመንገድ የሚሰበሰቡላት ሴት። ሌላ ጊዜ ደብተርና ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትላ ነበር የምትመጣው። ዛሬ ብቻዋን ናት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቤቶች! እንደምን አደሩ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን፤ ግቢ ጠጅቱ፣ ቁጭ በይ» አሉ እማማ ወርቅአፈራሁ፤ መቁጠሪያቸው ቆመ።

«የመጣሁት ለአንቺ ነው፣ የሺ። ይሄን የአልጋ ዳንቴል ለናሙና አውሺኝ። በሁለት በሦስት ቀን እመልስልሻለሁ።»

ልደታ ውስጥ ናሙና የተከለከለች ሴት የለችም። ዳንቴል ያማራት ሴት ከጎረቤቷ ትዋሳለች፣ እቤቷ ወስዳ ዐይኑን እየቆጠረች ትቀዳለች፣ አጥባ ትመልሳለች። የተጣሉ ሴቶች እንኳ በልጅ ይላላካሉ። የለኝም አይባል፣ አልጋው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። የሺሀረግ መልስ ስትፈልግ ፍለጋው ከሩቅ ቦታ እንደሚካሄድ ሆነባት፤ ከዚያ የገዛ ድምፅዋን ሰማች።

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ። ግን አንዴ ካወረድኩት መልሶ መግጠሙ ዐይን ያጠፋል። ለምን እዚሁ ቁጭ ብለው አይቀዱትም? እኔም አሳይዎታለሁ።»

ብላ ከጨረሰች በኋላ ነው ያለችው የገባት። የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ የምታዝዘውን ሰው ከወንድሟ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እንድትቀመጥ ጋብዛታለች። ጠጅቱ ግን በርጩማውን ጎትታ ተቀምጣለች፤ ከጃኬቷ ኪስ አዲስ ኪሮሽና አንድ ድቡልቡል ክር አወጣች።

ረጅም ቀን ሆነ። ጠጅቱ ኪሮሽ ይዛ አታውቅም። ክሩን በጣቷ ላይ መጠቅለል አልሆንልሽ አላት፤ ሰንሰለቱን አጥብቃ እየሠራች ኪሮሹ አልገባ ይላታል፤ አንዲት ዛጎል ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፣ እሷም ሰባት መሆኗ ቀርቶ አምስት እግር ሆና ተጣመመች። ፈታችውና እንደገና ጀመረች። ግንባሯ ላበው። «እኔ እኮ ሺህ ሰው ፊት ንግግር ሳደርግ እንዲህ አልሆንም» ብላ ሳቀች፤ የሺሀረግም ሳቀች። ከዚያ ስለ ክር ዋጋ ተነጋገሩ፤ መርካቶ አንዱ ድቡልቡል አንድ ሰባ አምስት ገብቷል፣ እሱም የሚገኘው ባለሱቁ ካወቀሽ ነው። ስለ ጤፍ ተነጋገሩ። ስለ ጋዝ ሰልፍ ተነጋገሩ። በየመካከሉ የመቁጠሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደጉ ሳል ሲመጣበት ከላዩ ያለውን የአልጋ ሽቦ በጣቱ መታ ያደርጋል፤ እማማ ወርቅአፈራሁ በጀርባቸው ይሰሙትና እሳቸው ጮክ ብለው ያስላሉ፣ የእሱ ሳል በእሳቸው ውስጥ ይሰወራል። በአምስት ወር የተማሩት ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት አራት ጊዜ አሳሉ።

«ሳሉ ጠናብዎት፣ እማማ» አለች ጠጅቱ፣ ከክሩ ዐይኗን ሳታነሣ።

«ብርዱ ነው፣ ልጄ።»

«ጴጥሮስስ ደህና ነው? ናዝሬት ተመቸው?» አለች የሺሀረግ ቶሎ ብላ። ጴጥሮስ የጠጅቱ አንድ ልጅ ነው፤ ከደጉ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። በጥቅምት አክስቱ ዘንድ ሄዷል ተብሎ ነበር።

«ተመችቶታል» አለች ጠጅቱ። የያዘችው ክር ተበጠሰ።

ስምንት ሰዓት ገደማ የተሠራው ሁሉ ከአንድ መዳፍ አልበለጠም። ጠጅቱ ኪሮሹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የአልጋውን ዳንቴል ታየው ጀመር። ቀዳዳውን አይደለም የምታየው፤ ቀዳዳ የሌለበትን ነው። ከዚያ ተነሣች። ወደ በሩ ሄዳ፣ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ ቆመች። አንድ እርምጃ ገባ ብላ ተንበረከከች። ያ ወፍራም ሰውነቷ እያቃሰተ ጎነበሰ፤ ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አደረገች።

የሺሀረግ ቆማ ታያታለች። በየጠዋቱ እሷ የምታደርገውን ሌላ ሰው ሲያደርገው አይታ አታውቅም፤ ከላይ ሲታይ ጸሎት ይመስላል። መጮህ፣ መውደቅ፣ እግሯ ላይ መደፋት እንዳለባት ታውቃለች። ግን እጇ የጠረጴዛውን ልብስ እያስተካከለ ነበር።

«ከዚህ አይታይም» አለች ጠጅቱ ከወለሉ ላይ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

ጠጅቱ ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ድምፅዋ ወርዶ የሌላ ሰው ሆነ። «ነገ አሰሳ አለ። የኛ ሰዎች አይደሉም የሚፈትሹት፣ ከሌላ ቀበሌ ነው የሚመጡት። ሊቀ መንበር ቤት ነው ብሎ የሚያልፍ የለም። ጴጥሮስ ናዝሬት አይደለም፣ የሺ። ከትናንት ወዲያ ጎህ ሳይቀድ በአጥር ዘሎ ገባብኝ።»

«እኔ ታዲያ ምን…»

«እኔ ምን አትበዪኝ። ለስኳር እደላ ስም ስመዘግብ መጥቼ አይቼዋለሁ። ልጁን አይደለም፤ ዳንቴሉን። ሙሽራ የለ፣ እንግዳ የለ፣ ይሄን ሁሉ ክር ለማን ብለሽ ነው ሲሚንቶ ላይ የምታስተኚው? ልናገር ብፈልግ ኖሮ ያኔ እናገር ነበር።» ጠጅቱ በመዳፏ ላይ ያለችውን ጠማማ ዳንቴል አየቻት። «በአንድ ቀን እሠራዋለሁ ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። ግርጌውን ብቻ ስጪኝ። የኔ አልጋ በግድግዳና በቁም ሳጥን መሃል የተወሸቀ ነው፤ ግርጌው ብቻ ነው የሚታየው።»

ውጭ አንድ ቆርቆሮ ጠጋኝ «ባልዲ የሚያስጠግን!» እያለ አለፈ። የሺሀረግ እናቷን አየች። እማማ ወርቅአፈራሁ ልጃቸውን አላዩም፤ መቁጠሪያቸውን አንገታቸው ውስጥ ከተቱና ከራስጌ በኩል ያለውን የእንጨት ሳጥናቸውን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ሳጥኔን ወደ ግርጌ ግፊውና ስጫት።»

መጋጠሚያውን ለመፍታት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተንበርክከው ክሩን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ሳቡት። የግርጌው ቁራጭ ሲወርድ ብርሃን ከአልጋው ሥር ገባ። መጀመሪያ ሁለት እግር ታየ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ጥፍሩ ያደገ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በጨለማው ጫፍ፣ ጺም የወረሰው ፊት። ደጉ በመዳፉ ዐይኑን ከለለ። ጠጅቱ ወዲያው አላየችውም፤ መሬት መሬት እያየች ቆየች።

«እትዬ ጠጅቱ» አለ ደጉ። ድምፁ ዝጓል። «ጴጥሮስ ያስለዋል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ሲመጣበት ሽቦውን በጣቱ ይምታ፤ እርስዎ ከላይ ይተኙና ቀድመው ያስሉለት። ብቻውን እንዳያስል። ጎኑ ሲደነዝዝ አይገላበጥ፣ ትከሻው ሲነካው ሽቦው ይጮኻል፤ ጣት በጣት ያንቀሳቅስ፣ ከእግሩ ይጀምር። ከምሽት በኋላ ካልሆነ ውሃ አይጠጣ። ደግሞ ይቁጠር ይበሉት። ምንም ይሁን፣ ይቁጠር።»

ጠጅቱ እንደ ተማሪ እየተከተለችው በከንፈሯ ደገመችው፤ ሽቦውን፣ ጣት በጣት፣ ውሃ። በአምስት ወር ውስጥ ወንድሟ ይህን ያህል ሲናገር የሺሀረግ አልሰማችም። የሚናገረው ለእሷ ስላልነበረ ቅር እንዲላት ጠበቀች፤ ቅር አላላትም።

«ፍርግርጉ ወደ ላይ ነው» አለች በተራዋ፣ ቁራጩን እያጠፈች። «ጀርባው ወደ ውስጥ። ከፍራሹ ሥር በመርፌ ቁልፍ ያያይዙት፣ በየአንድ ስንዝሩ። እንዳይወጠር።»

«ሌላስ?»

የሺሀረግ የወንድሟን ጥፍር እያየች ነበር። መቀስ ልትሰጠው አምስት ወር ሙሉ አልታወሳትም።

«ሌላ የለም።»

ጠጅቱ ዳንቴሉን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተመልሶላት ነበር፤ «ናሙና ነው! እኔም እጄን ልፍታ ብዬ!» ስትል ከውስጥ ሰሟት፤ ሴቶቹም ሲስቁ ሰሟቸው። የሺሀረግ ሳጥኑን ግርጌው ላይ አስጠጋች። ስኳሩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ለወንድሟ መቀስ በዳንቴሉ ሥር አሾለከችለት፤ ጥቂት ቆይቶ ጥፍር ሲቆረጥ ቀስ ብሎ ተሰማ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ዐሥር።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ፈታሾቹ መጡ። አምስት ነበሩ፤ አለቃቸው አዱኛ ሲሉ የሚጠሩት፣ ጠመንጃው ከትከሻው የሚንሸራተት ወጣት ነው። ሳጥኑን አስከፈቱ፤ የእማማን ቀሚሶች አንድ በአንድ አራገፉ፤ ዱቄቱ ውስጥ እንጨት ሰደዱ፤ ኮርኒሱን በሰደፍ ደበደቡ። አዱኛ በመጨረሻ ተንበረከከና አልጋውን አየ። ዐይኑ ፍርግርጉ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እናቴም ዳንቴል ትወዳለች» አለ። ከዚያ ወደ የሺሀረግ ቀና ብሎ፣ «ምነው፣ ስኳር አጣችሁ እንዴ? ተኝቷል እኮ!»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ወጥተው ሄዱ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ታች ሰፈር፣ ጠጅቱ በምትኖርበት፣ ወደ አብነት በሚወስደው በኩል፣ አንድ መኪና ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። የጮኸ ሰው አልነበረም፤ በር ሲዘጋ ብቻ ተሰማ፣ ከዚያ መኪናው ሄደ። እማማ ወርቅአፈራሁ ምሳ አልበሉም። የሺሀረግ በላች፤ ለወንድሟም በሳህን አሾለከችለት፤ ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ምሽት ላይ ቧንቧው ጋ ማን እንደተወሰደ ያወራ ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹ ባልዲያቸውን እየሞሉ ተበተኑ፤ እሷም አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ጠዋት ጠጅቱ መጣች። ካኪ ጃኬቷን ለብሳለች፣ ጸጉሯ ተበጥሯል። ለቅሶ የተከለከለበት ጊዜ ስለሆነ ነጠላዋ እንደ ወትሮው ነው። አልተቀመጠችም። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለውን አቀበለቻት።

«ናሙናሽን። አመሰግናለሁ።»

የሺሀረግ ጨርቁን ስትፈታ ዳንቴሉ በእጇ ላይ አልተጣጠፈም። ቆሞ ነበር። ነጭ፣ ደረቅ፣ በካውያ የተጫነ፤ እያንዳንዷ ዛጎል እንደ እውነተኛ ዛጎል ጠንክራ፣ ግማሽ ጨረቃዎቹ በሙሉ ጫፋቸውን ወደ ላይ አንሥተው። ካየቻቸው ዳንቴሎች ሁሉ የሚያምር ነበር። በአንዱ ጥግ ሦስት ዛጎሎች ተበጥሰዋል፣ ሰው ጨብጦ እንደሳባቸው።

«ማታውን በስኳር ውሃ ነክሬ አቆምኩት» አለች ጠጅቱ። ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እንደሚያነብ ሰው። «ስኳር የምታድል ሴት ቤት የተኛ ዳንቴል ቢያዩ ያጠራጥራል ብዬ። ደግሞም አምሮ ነበር። አንዱ ፈታሽ ‹የተከበረ ቤት ነው› ሁሉ ብሎ ነበር። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ጎንበስ አለ። ጠርዙ ከሲሚንቶው ሁለት ጣት ያህል ተነሥቷል። የእጁን ጣቶች አዩ። ይቆጥርባቸው ነበር መሰለኝ።»

የሺሀረግ አፏን ከፈተች። ስኳር እንዳያስነኩት ማለት ነበረባት፤ አራት ቃል የማይሞላ ነገር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ኪሮሹን በሰካች ቁጥር ታስበው የነበረ፣ ለጎረቤት ሁሉ ስትዋሽለት የኖረችው ነገር ነው። ሌላስ ተብላ ተጠይቃ ነበር። ሌላ የለም ብላ ነበር። አሁን ልትለው ፈለገች፤ ጠጅቱ ግን ፊቷን እያየች አልነበረም፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ያልተነካ ስኳር እያየች ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዐይኗ ቀስ ብሎ ወርዶ ከአልጋው ጎን ሲሚንቶው ላይ ወደተኛው ጠርዝ ሄደ፤ እዚያ ቆመ።

«አሃ» አለች ጠጅቱ።

ለእማማ ወርቅአፈራሁ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወጣች፤ ቧንቧው ጋ ስትደርስ ተራ የዘለለች አንዲት ሴት ላይ ስትጮህ ተሰማ።

የሺሀረግ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞላችና ዳንቴሉን ነከረችው። ወዲያው አልለሰለሰም። ውሃውን ሦስት ጊዜ ለወጠችው፤ ደጅ የደፋችው ቦታ ጉንዳን መጣ። ከሰዓት በኋላ በእጇ ላይ ሲጣጠፍላት ኪሮሿን አወጣች፤ የተበጠሱትን ሦስት ዛጎሎች፣ በአንዲት ቀዳዳ ሰባት ጊዜ እየተመላለሰች፣ መልሳ ሠራቻቸው። ስትጨርስ የትኞቹ እንደነበሩ ራሷም መለየት አልቻለችም። ሳጥኑን ወደ ራስጌው መለሰች። ግርጌውን ሰቅላ ማዕዘኑን ገጠመች።

«መለሰችው?» አለ ደጉ ከሥር።

«መለሰችው።»

«ጴጥሮስስ?»

መቁጠሪያው ቆመ። የሺሀረግ መርፌዋን አስቀመጠች። ወደ በሩ ሄደች፣ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ ቆመች፣ ተንበረከከች፣ ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አደረገች። የአልጋው ሽቦ አንድ ጊዜ ተመታ፤ እናቷ ግን አላሳሉም፤ ከሥር የመጣው የታፈነ ድምፅም ሳል አልነበረም። ግማሽ ጨረቃዎቹን ከግርጌ እስከ ራስጌ በዐይኗ ተከተለቻቸው። ሁሉም ተኝተዋል።

«አይታይም» አለች፣ የጠየቃት ሳይኖር።